ጎንደር ላይ የሥነ ምህዳርና የዝግመተ ለውጥ መምህር እንዴት ይቀጠራል?

ባለፉት ዓመታት ጥቂት የቅጥር ኮሚቴዎች ላይ ተቀምጫለሁ። አብዛኞቹ በወረቀት ጀምረው በወረቀት ነው ያለቁት። ሲቪ ይቆጠራል፣ ነጥብ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ በቃ። ሥነ ምህዳርና ዝግመተ ለውጥ ግን በወረቀት ብቻ የሚለይ ሙያ አይደለም። የምንቀጥረው ሰው ተማሪ ይዞ ደባርቅ የሚወጣ፣ ጣና ዳር ጎርጎራ የሚወርድ፣ ብርድና ጭቃ ውስጥ ቆሞ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚያስጠይቅ ነው። ከተቀጠረ ደግሞ 20 እና 30 ዓመት አብሮን ይኖራል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ አመልካቹን ሥራ ላይ ሳታዩ አትፈርሙ።

የዩኒቨርሲቲያችሁ የቅጥር ደንብ እንዳለ ነው፤ የምለው እሱን ተከትላችሁ የምትሠሩትን ነው። ደንቡ የማይከለክለው ብዙ ነገር አለ፣ እኛ ግን አንሠራበትም።

1. ክፍተቱን በስሙ ጥሩት

«አንድ ባዮሎጂስት ይቀጠርልን» የሚል ደብዳቤ አትጻፉ። ግማሽ ቀን ተቀመጡና ኮርሶቹን ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ኢኮሎጂ ማን ያስተምራል? ኢቮሉሽንስ? ባዮስታቲስቲክስና ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ በማን እጅ ናቸው? ማን ለትምህርት ወጥቷል፣ መቼ ይመለሳል፣ ማን ጡረታ ሊወጣ ነው? ብዙ ጊዜ ዝግመተ ለውጥ ሰዓት ለተረፈው መምህር የሚሰጥ ኮርስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ክፍተቱ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ዙሪያችሁን እዩ። ጎንደር የተቀመጠችበትን ቦታ ስንት ዩኒቨርሲቲ ይመኘዋል! ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ደባርቅ ናችሁ፤ ከዚያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሲሆን በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተራ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አሉ፣ ጅብራ የሚባለው ግዙፍ የደጋ ተክል አለ። ወደ ምዕራብ የአልጣሽ ቆላ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። ደቡብ ጎንደር ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቆየው የአገር በቀል ዛፍ ራሱን የቻለ የምርምር ርዕስ ነው።

ጣና ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ዓሣ አስጋሪው በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚለው ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉ። ከነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ በል ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ ጨጓራም የላቸውም። ታዲያ ጥርስ የሌለው ዓሣ እንዴት አዳኝ ሆነ? ይህ ለአንድ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚፈለገው ደግሞ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከነሱ መካከል በክረምት ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉ አሉ፤ መገጭ እኮ በእኛው በኩል የሚወርድ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሰሜኑ ዳርቻ የተስፋፋውን እምቦጭ ጨምሩበት። ይህን ሁሉ በጓሯችን ይዘን የዓሣ ኢኮሎጂ የሚያስተምር ሰው ከሌለን ማስታወቂያው መጻፍ ያለበት ለዚያ ነው።

ሁሉንም የሚችል ሰው አትፈልጉ፣ የለም። አንድ ወይም ሁለት አቅጣጫ መርጣችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ያለበለዚያ ኮሚቴው መሀል ላይ እያንዳንዱ የራሱን ልጅ የሚያስገባበት በር ይከፈታል።

2. ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ትምህርት መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ የመደቡ ጥያቄ ጥር ላይ ከእጃችሁ ይውጣ፤ ማስታወቂያው ከፋሲካ በፊት፣ ፈተናው ግንቦት ላይ ይሁን። ለምን ግንቦት? ሰኔ ከገባ ተራራው በጭጋግና በዝናብ ይዘጋል፣ መስክ ማውጣት አትችሉም።

3. ማስታወቂያውን ሰው እንዲያነበው አድርጋችሁ ጻፉ

የተለመደው «በባዮሎጂ ፒኤችዲ፣ 0 ዓመት፣ ብዛት 1» ማንንም አይጠራም። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ውጭ አገር ፒኤችዲውን እየጨረሰ ያለ ጎበዝ ሰው ያንን አይቶ ሻንጣ አያነሳም። እንዲህ ብትሉስ፦

«ዓሣን ወይም የደጋ አጥቢ እንስሳትን የሚያጠና ረዳት ፕሮፌሰር እንፈልጋለን። ጄኔራል ኢኮሎጂ፣ ኢቮሉሽንና ባዮስታቲስቲክስ ያስተምራል። ምርምሩን በጣና ተፋሰስ ወይም በሰሜን ተራሮች ቢያደርግ እናግዘዋለን። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተማሪ ይዞ መስክ ይወጣል። ከሲቪው ጋር 2 ገጽ የምርምር ዕቅድና 1 ገጽ ስለማስተማር የጻፈውን ይላክ።»

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ሰው ያሳጣን ነገር አለ፤ የዲግሪ ስም። አንዱ ዲግሪው ላይ «ዞሎጂካል ሳይንስ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው «ፊሸሪስና አኳቲክ ሳይንስ»፣ ሌላዋ «ባዮዳይቨርሲቲ ማኔጅመንት»፣ ሌላው «ፕላንት ባዮሎጂ»። መዝገብ የሚቀበለው የሰው ሀብት ባለሙያ ማስታወቂያው ላይ የሌለ ስም ካየ ይመልሳል፣ እሱ ምን ያድርግ? ሥራው ነው። ስለዚህ የምትቀበሏቸውን የዲግሪ ስሞች በሙሉ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። «ወይም ተመሳሳይ» የሚለው ሐረግ ብቻውን አያድናችሁም።

ደመወዙን፣ የቤት አበሉን፣ መቼ መልስ እንደምትሰጡም ጻፉ።

4. ማስታወቂያ ለጥፋችሁ አትቀመጡ

ግድግዳ ላይና ጋዜጣ ላይ ማውጣት ሕጉ ነው፣ ይሁን። ሰው የሚመጣው ግን ተፈልጎ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ አርባ ምንጭና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍሎች ደብዳቤ ላኩ። በኢትዮጵያ ባዮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሄዳችሁ የወጣቶቹን ገለጻ ስሙ፤ ጥሩ ያቀረበውን ሻይ ጋብዛችሁ አነጋግሩ። ስለ ጭላዳ ወይም ስለ ጣና ዓሣ ጽሑፍ ያሳተመ ኢትዮጵያዊ ስም ካያችሁ በኢሜይል ጻፉለት።

ሴቶችን በስም ፈልጉ። «ሴቶች ይበረታታሉ» ብሎ ማስታወቂያ ግርጌ ላይ መጻፍ መፈለግ አይደለም። ደውላችሁ «ብታመለክቺ ደስ ይለናል፤ የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ንገሪን» ስትሉ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ስለ ልጅ፣ ስለ ባለቤቷ ሥራና መስክ ላይ ስላለው ማደሪያ ነው። መልሱን አዘጋጅታችሁ ደውሉ።

የራሳችንን ተመራቂዎች ጂኤ (ረዳት ምሩቅ) አድርጎ ማስቀረት አመቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ብዙዎቹም ጎበዞች ናቸው። ሁሉም ከአንድ ቤት ከሆነ ግን የሚያስተምሩት የተማሩትን ብቻ ይሆናል። ስለ ዘር መጥበብ የሚያስተምር ክፍል ይህን ለማንም ማስረዳት አያቅተውም።

5. መዝገቡን አንብቡ እንጂ አትቁጠሩ

ከመክፈታችሁ በፊት ነጥቡን ወስኑ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ደንብ ክፍፍል ካለው እሱን፣ ከሌለው የኔ ምርጫ ይኸው፦ ማስተማር 30፣ የምርምር ዕቅድ 30፣ መስክና ላብራቶሪ 20፣ ቃለ መጠይቅ 10፣ የምስክር ሰዎች አስተያየት 10። አንዴ ከተወሰነ አይነካም፤ አመልካች ታይቶ ነጥብ ማስተካከል ማለት ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ማለት ነው።

የኅትመት ብዛት አያስደንግጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተመራማሪዎች «የጽሑፍን ዋጋ በመጽሔቱ ኢምፓክት ፋክተር (ጽሑፎቹ በአማካይ ስንቴ እንደሚጠቀሱ) አንለካም» ብለው የጋራ መግለጫ አውጥተው ነበር፤ ዶራ ይባላል፤ ለእኛም ይሠራል። ገንዘብ ከፍሎ በሳምንት የሚታተምበት መጽሔት በሞላበት ዘመን 14 ጽሑፍ ያለው ከ3 ይበልጣል ማለት አይቻልም። ከእያንዳንዱ አመልካች ሁለት ጽሑፍ ምረጡ፤ እሱ የሚመርጠው አንድ፣ እናንተ የምትመርጡት አንድ። ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው ከዳር እስከ ዳር ያንብበው። ናሙናው ስንት ነው? ከየት ተሰበሰበ? በየትኛው ወቅት? ክረምት ላይ ያልተሰበሰበ ናሙና ይዞ «ዓመቱን ሙሉ» የሚል መደምደሚያ ከጻፈ ጥያቄ አድርጋችሁ ያዙት።

ከኮሚቴው ውስጥ አማካሪው የነበረ፣ ዘመድ የሆነ፣ አብሮ ያሳተመ ካለ በመጀመሪያው ስብሰባ ይናገርና ይነሳ። ይህ ሐሜት ከመጣ በኋላ ሳይሆን ሳይመጣ ነው የሚደረገው።

6. ሁለት ቀን ስጧቸው

ሦስት ወይም አራት ሰው ለይታችሁ ጥሩ። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ከተቻለ ክፈሉ፤ ካልተቻለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሴሚናር። 40 ደቂቃ ስለ ምርምሩ፣ 20 ደቂቃ ጥያቄ። ተማሪዎችም ይግቡ።

ከሰዓት፣ ክፍል። እውነተኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ፊት ለ25 ደቂቃ ያስተምር። ርዕሱን ከሦስት ቀን በፊት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስጡ። እኔ የምወደው «ጅብራ ዓመታት አድጎ አንዴ አብቦ ለምን ይሞታል?» የሚለውን ነው። ስላይድ አይፈቀድ፣ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ። መብራት ሲጠፋ የሚያስተምረው እንደዚያ ነውና። የምታዩት ይህን ነው፦ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ብሎ ይጠብቃል ወይስ ራሱ ይመልሳል? ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ስትሳሳት ምን ያደርጋል? ሲጨርስ ለተማሪዎቹ ቁራጭ ወረቀት ስጡና «ዛሬ ምን ገባህ፣ ምን አልገባህም?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ከአምስት የድጋፍ ደብዳቤ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ቀን፣ መስክ። መኪና ከተገኘ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር፣ ካልሆነ ጎርጎራ፤ መንገዱ ካልተፈቀደም በከተማው ዙሪያ ያለ ደን ወይም የመገጭ ዳርቻ ይበቃል። ጸጥታውን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ሰው ለፈተና ብላችሁ አደጋ ላይ እንዳታወጡ። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ይነሳል። ጋቢ ያዙ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ ቀስ በሉ።

ጎርጎራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ታንኳዎቹ ሲገቡ ሁለት አመልካቾች ነበሩን። አንዱ መኪናው አጠገብ ቆሞ ስለ ሐይቁ ስፋት በጥሩ እንግሊዝኛ ያብራራልን ጀመር። ሌላው ወርዶ «እንደምን አደሩ አባቴ» አለና ዓሣው የተዘረገፈበት ጋ ቁጢጥ አለ። ቀረሶውን ወደ አንድ፣ አምባዛውን ወደ አንድ አድርጎ ነጭ ዓሣውን ብቻ አንድ በአንድ አነሳው። የአንዱን አፍ በጣቱ ከፍቶ አየ፣ የጉንጩን ክዳን ገለጥ አደረገ። «ይሄንና ይሄንን እናንተ እንዴት ትለዩታላችሁ?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄ አፈ ሰፊው ሌላውን ይውጣል። ይሄ ከንፈረ ወፍራሙ ደግሞ ድንጋይ ያለበት ነው እንጂ ጭቃ ላይ አታገኘውም» አሉት። ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ ቀኑን፣ ቦታውንና የነገሩትን ሰው ስም ጻፈ። ከዚያ እጁን በውኃው ታጥቦ ወደ ተማሪዎቹ ዞረና «ከንፈሩ ለምን የወፈረ ይመስላችኋል?» አላቸው። እኔ በዚያች ደቂቃ ውሳኔዬን ጨርሼ ነበር፤ ቢሆንም ነጥቤን የሞላሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልክ እንደሌሎቹ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

7. የሁሉም ቃለ መጠይቅ አንድ ይሁን

ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ ጻፉ። ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ጠይቁ። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ብቻውን ነጥብ ይስጥ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው። አለበለዚያ መጀመሪያ የተናገሩት ትልቁ ሰው ውጤቱን ይወስናሉ፣ እኛ ደግሞ ታላቅን ማቋረጥ አንችልበትም።

ከምጠይቃቸው ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ «መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋና ፍሪዘሩ ውስጥ የ3 ዓመት የደም ናሙናህ ቢኖር ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። መስክ የኖረ ሰው ስለ ኤታኖል፣ ስለ ጄኔሬተር፣ ናሙናን ከፍሎ ሁለት ቦታ ስለማስቀመጥ ወዲያው ይነግራችኋል።

ሁለተኛው፣ «ጄኔቲክ ናሙና ወደ ውጭ ላብራቶሪ ለመላክ ከማን ፈቃድ ይጠየቃል?» የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድ) አዋጅ 482/1998 አለ፤ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፤ ለዱር እንስሳት ደግሞ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን። ይህን የማያውቅ ሰው ሊማር ይችላል፣ ክፋት የለውም። «ኧረ በኪስ ይዞ መውጣት ነው» ያለ ግን ይቅርባችሁ። የአገር ሀብት ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ናት። ክፍል ውስጥ ጾም የሚጾም፣ ከቅዳሴ የመጣ፣ ከመስጊድ የመጣ ተማሪ ይቀመጣል። «መምህር፣ እኔ በዚህ አላምንም» ቢልህ ምን ትላለህ? አንዳንዱ አመልካች ይፈራና «ምዕራፉን በፍጥነት አልፈዋለሁ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ተማሪውን ያሳንሳል። ሁለቱንም አልፈልግም። አንዲት ሴት የመለሰችው እስከዛሬ አብሮኝ አለ። «እምነትህን አልነካም፤ የማስተምርህ ማስረጃው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚመረመር ነው፤ ፈተና ላይም የምጠይቅህ እሱን ነው» አለች። ከዚያ ስለ ጭላዳ ቀጠለች፦ ዝንጀሮና ጦጣ ሁሉ ቆጥረን ኑሮው በሣር የሆነው እሱ ብቻ ነው፣ ጣቶቹ ሣር ለመንጨት የተስማሙ ናቸው፣ የዘመዶቹ ቅሪተ አካል ብዙ ቦታ ተገኝቷል፣ ዛሬ የቀረው ግን በእኛ ደጋ ላይ ብቻ ነው። ተማሪ ከሚያውቀው እንስሳ ሲነሳ ይሰማል።

8. እውነቱን ንገሩ፣ ከዚያ የምትችሉትን ስጡ

ደመወዙ በስኬል የተቆረጠ ነው፣ ልትደራደሩበት አትችሉም። የጎንደርን ውኃ ጉዳይም ደብቃችሁ አታመጡት፤ መጥቶ በሁለተኛው ሳምንት ያውቀዋል። ሮቶ የሌለው ቤት እንዳይከራይ ምከሩት። ኢንተርኔቱን፣ የመስክ መኪና ወረፋውን፣ ኬሚካል ከውጭ ለማስመጣት ምንዛሪ መጠበቁን ሁሉ ንገሩት።

በእጃችሁ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የማስተማር ጭነቱን ወደ አንድ ኮርስ ማውረድ ትችላላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ በወር የተወሰነ ቀን መኪና፣ አንድ ወይም ሁለት የማስተርስ ተማሪ፣ ከዩኒቨርሲቲው የውስጥ ምርምር በጀት የት እንደሚያመለክት። ማራኪ ወይም አዘዞ ላይ ቤት የሚያፈላልግለት ሰው መድቡ። ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ ሥራ የሚፈልጉ ከሆነ ጠይቁ፣ ጠይቁላቸውም። ይህን ሁሉ በቃል አይሁን፤ ዲኑ የፈረሙበት አንድ ገጽ ይሁን።

እና ቶሎ በሉ። እኔ የነበርኩበት አንድ ኮሚቴ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ሁላችንም የወደድናትን የወፍ ኢኮሎጂ ባለሙያ አራት ወር ሙሉ ሳንደውልላት ቀረን። ፊርማ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ስንደውል ሌላ ቦታ ገብታለች። «እንደማትፈልጉኝ ነው የገባኝ» አለችኝ። አንድ ስልክ ነበር የጎደለው። በየሁለት ሳምንቱ «ገና አላለቀም፣ አልረሳንሽም» ማለት ምንም አያስወጣም።

9. የመጀመሪያው ዓመት

አዲሱን ሰው ወዲያው ሦስት ኮሚቴ ውስጥ አትክተቱት። አንድ ነባር መምህር ይመደብለት፤ ደባርቅ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይዞት ይሂድ፣ ከስካውቶቹ (ከፓርኩ ጠባቂዎች) እና ከጎርጎራ አስጋሪዎች ጋር ያስተዋውቀው። መስክ ላይ በር የሚከፍተው ደብዳቤው ብቻ አይደለም፣ ትውውቁ ነው። በስድስተኛው ወር ቁጭ ብላችሁ ያቺን አንድ ገጽ አውጡና ቃል የገባችሁት ምኑ እንዳልተፈጸመ አብራችሁ እዩ።

ላልተመረጡትም ደውሉ። በምን እንዳነሱ በቅንነት ንገሯቸው፤ ሴሚናሩ ጥሩ ነበር፣ ስታቲስቲክሱ ግን ደከመ፣ እንዲህ ብታደርግ በሚቀጥለው እናይሃለን። መኪናው አጠገብ ቆሞ ለነበረው ለዚያ ልጅ የደወልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «አስጋሪዎቹ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» ብሎ ጠየቀኝ።